ስንጥቁ የጀመረው ከብሎኑ ቀዳዳ ነው

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የሞተር ሳይክሌ የነፋስ መከላከያ ዛሬ ከአንኮበር መንገድ ስመለስ አለቀለት። ለከተማው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረኝ ከግራ በኩል ነፋስ መጣና ገፋው፤ አንድ ጊዜ ጧ አለና የታችኛው ግራ ጥግ ተገንጥሎ ቦይ ውስጥ ገባ። የቀረው በሦስት ብሎን ተንጠልጥሎ እየተርገበገበ ደረቴን ይደበድበኝ ጀመር። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ በክትባት ሣጥኑ ማሰሪያ ጎማ ከመሪው ጋር ጠፍሬ አሰርኩትና እያዘገምኩ ገባሁ።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ሣጥኑን ከኋላ ጭኜ ከደብረ ብርሃን ወደ ገጠር ቀበሌዎች እወጣለሁ። መንገዱ ገላጣ ሜዳ ስለሆነ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ወር ጠዋት ስትነሳ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይጠብቅሃል። መከላከያ በሌለው ሞተር ላይ ጋቢም ጃኬትም ብትደርብ ብርዱ በደረትህ ይገባል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጣትህ የፍሪሲዮኑን መሳቢያ መጨበጥ ይሳነዋል። የነፋስ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስሄድ የሚገፋኝ ነፋስ፣ በ60 ስሄድ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ይገፋኛል። ስለዚህ ይህ ነገር ለእኔ ጌጥ አይደለም።

ሰው ሁሉ «መስታወት» ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው እጠራዋለሁ፤ ግን ፕላስቲክ ነው። እዚህ ሱቅ ያገኘኋቸው ለእሽቅድምድም ሞተር የተሠሩ አጫጭሮች ናቸው፤ ደረት አይሸፍኑም። የእኔ የብረት ክንዶቹ ደኅና ናቸው፤ የጎደለኝ ገበታው ብቻ ነው። ቤቴ ውስጥ ራሴ ልሠራው ወስኛለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ማታ ፈታሁት። ብሎኖቹ አራት ናቸው፤ ውፍረታቸው 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዳዶአቸውም በ8 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። የላይኞቹ ሁለቱ በቀላሉ ወጡ። ከታች የቀኙ ዝጎ ስለነበር እምቢ አለ፤ ዘይት ጠብ አድርጌበት እራቴን በልቼ ስመለስ ተላቀቀ።

ከዚያ መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ በባትሪ መረመርኩት። ስንጥቁ የጀመረው ከጥጉ ሳይሆን ከብሎኑ ቀዳዳ ነው። ከቀዳዳው ከንፈር ሦስት መስመሮች ወጥተዋል፤ ዶሮ በአመድ ላይ ረግጣ የሄደች ይመስላል። ሁለቱ አጫጭር ናቸው፤ ሦስተኛው እስከ ጠርዙ ዘልቋል። የረዥሙ መስመር መነሻ በአቧራና በጭስ ጠቁሯል፤ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ግን ንጹሕና አንጸባራቂ ነው። የጠቆረው የቆየ ስንጥቅ ነው ማለት ነው። ትናንት የተሰበረችው ሁለት ጣት የምትሆነዋ ንጹሕ ክፍል ብቻ ናት። ሌሎቹን ቀዳዳዎችም አየሁ፤ በሁለቱ ላይ ፀጉር የመሰለች የዶሮ እግር ጀምራለች።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም። ቀዳዳዎቹ ልክ በብሎኑ ውፍረት የተበሱ ናቸው፤ ትርፍ ቦታ የላቸውም። በብረት ሮንዴላውና በፕላስቲኩ መካከል ጎማ የለም። ሐምሌ ላይ ሲንቀጫቀጭ ብሎኖቹን በሙሉ ጉልበቴ ያጠበቅኋቸው እኔ ነኝ። ሌላም ትዝ አለኝ፦ አምና የተለጠፈበትን ወረቀት ሙጫ ያስለቀቅሁት ቤንዚን በነከረ ጨርቅ ነበር፤ ያውም በግራው ታችኛ ብሎን ዙሪያ። ቤንዚን እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ በተለይ ተወጥሮ በታሰረበት ቦታ ላይ ይሰነጥቀዋል። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ በሳሙና ውኃ አለስልሼ በጥፍሬ እፍቀው ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሁለት ቀን ያለ መስታወት ሠራሁ። ትናንት ጠዋት ላይ ስደርስ የመርፌውን ክዳን መክፈት አቅቶኝ የገበሬው ልጅ ከፈተልኝ። በጎቹ ተይዘው እየጠበቁኝ እጄን በእሳት ሳሞቅ ቆየሁ።

ማታ ማስታወቂያ ከሚሠራ ልጅ አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ቁራጭ አገኘሁ፤ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው። እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ፣ ለዓይን ደስ የሚል ነገር ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፤ መጋዝም ሞረድም አላነሳሁም። ኅዳር ሲታጠንም ስለሆነ ሰፈሩ በየደጁ የተጠረገውን ቆሻሻ ሲያቃጥል ጭሱ ከተማውን ሸፍኖት ዋለ። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የሚያያዝ ልማድ ነው፤ እናቴ ዛሬም ደጃፉ ሳይታጠን ቡና አታፈላም።

ከሰዓት በኋላ ከልጄ ጋር ካርቶን ላይ ንድፍ አወጣን። ይህን ከሥራ አልቆጠርኩትም። አሮጌውን መስታወት ካርቶኑ ላይ አስተኝተን ዙሪያውን በእርሳስ ተከተልን፤ የጎደለውን ግራ ጥግ ከቀኙ ገልብጠን ሞላነው። ወርዱ 46፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ካርቶኑን ቆርጬ ክንዶቹ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩት። ይህች ግማሽ ሰዓት ሙሉውን ሥራ አድናዋለች ብዬ አምናለሁ። ሞተሩ ላይ ወጥቼ እንደምነዳ ሆኜ ተቀመጥኩ። ልጄ ፊት ለፊቴ ቆማ የካርቶኑ የላይኛው ጠርዝ ከፊቴ የት እንደሚደርስ ነገረችኝ፤ ዓይኔ ላይ ደረሰ። ይህ አደገኛ ነው። መንገዱ የሚታየው ከጠርዙ በላይ መሆን አለበት እንጂ በፕላስቲኩ ውስጥ መሆን የለበትም፤ ማታ የመጪ መኪና መብራት በጭረትና በአቧራ ላይ ሲበተን ምንም አይታይም። ጠርዙ አፍንጫዬ ላይ እስኪወርድ ድረስ 4 ሴንቲ ሜትር ቀነስኩለት። ቁመቱ 46 ሆነ፤ ከወርዱ ጋር እኩል።

ቀጥሎ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞርኩ። በግራ በኩል የካርቶኑ ጥግ የፊት ፍሬኑን ሽቦ ነካ፤ ያንን ጥግ ክብ አድርጌ ቆረጥኩት። አሮጌው መስታወት ሽቦውን ሲፍቅ ኖሮ ሽፋኑ ላይ ጠባሳ ትቶበታል፤ እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር።

ወደ አክሪሊኩ ልምጣ። በሴጌቶ ቆረጥኩት፤ ደኅና ሄደልኝ። ጎረቤቴ ከሆኑት እንጨት ሠሪ ትራፓኖ ተውሼ መብሳት ጀመርኩ። ሦስቱ ቀዳዳዎች አማሩ። አራተኛው ላይ መሰርሰሪያው ወደ ማዶ ሊወጣ ሲል ነክሶ ጎተተው፤ ጣቴ ሥር ሲሰነጠቅ ተሰማኝ። ስንጥቁ ከቀዳዳው ተነሥቶ በቀጥታ እስከ ጠርዙ ሮጠ። ለብረት የተሳለ መሰርሰሪያ ምላሱ እንደ ማረሻ ቆፍሮ የሚገባ ስለሆነ ለአክሪሊክ አይሆንም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቅበላ ስለሆነ ጎረቤቴ ቤት ተጠርተን ዋልን። የተሰነጠቀውን ይዤ ሄድኩ፤ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በትንሿ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ልጄ፣ እኔ በር ስገጥም በክረምት እንደሚያብጥ አውቄ ክፍተት እተውለታለሁ» አሉኝ። «አንተ ለዚህ ምን ተውክለት?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ይህ ባይሰበር እንኳ ነገ ይሰበር ነበር።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ይህንን ሒሳብ ሠራሁ። አክሪሊክም ሆነ እንደ እሱ በቀላሉ የማይሰበረው ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ በአንድ ሜትር ርዝመት ለእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ሰባቱን ያህል ይረዝማል። ጠዋት ደብረ ብርሃን ዜሮ አካባቢ ከሆነ ብርድ ተነሥቼ ቀትር ላይ ሸዋ ሮቢት ብደርስ ልዩነቱ ከ30 ዲግሪ አያንስም። ከጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ የሚያወርደው መንገድ ከቤቴ ጀምሮ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚያች አንድ ጉዞ 46 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ገበታ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። 1 ሚሊ ሜትር ምንም አይመስልም፤ ብሎኑ መፈናፈኛ ካልሰጠው ግን ይህ ሁሉ ግፊት የቀዳዳው ከንፈር ላይ ያርፋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትታል። የሸዋ መንገድ ራሱ መስታወቱን ሲያጥፈውና ሲዘረጋው ኖሯል።

አክሪሊኩን ትቼዋለሁ። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ከመርካቶ ፖሊካርቦኔት ገዝቶ እንዲልክልኝ ደወልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ገበታው በሚኒባስ ደረሰ፤ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር። መጀመሪያ የላኩልኝ የጠየቅሁት ዕቃ መሆኑን አጣራሁ። ከጥጉ ጣት የምታህል ቁራጭ ወስጄ በሞርሳ ያዝኩና በፒንሳ ዘጠና ዲግሪ አጠፍኩት፤ ታጥፎ ቀረ። ከቅዳሜው አክሪሊክ ቁራጭም እንዲሁ ሳደርግ ገና በጥቂቱ ሳጎብጠው ተሰብሮ ግድግዳ ጋር ተጋጨ። መነጽር ሳያደርጉ ይህን መሞከር አይገባም።

ሁለቱም ፊቱ ላይ ስስ መሸፈኛ ተለጥፏል፤ በአንደኛው በኩል ይህ ፊት ወደ ውጪ ይዙር የሚል ምልክት አለበት። የፀሐይን ጨረር የሚከላከለው ቅብ በዚያ በኩል ብቻ ስለሆነ ከተገለበጠ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ሥራው እስኪያልቅ መሸፈኛውን አልልጠውም፤ ልጄ ግን መላጡን ከአሁኑ ለራሷ አስይዛለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ዛሬ ሙሉ ቀን የሠራሁበት ነው። ገበታውን በሁለት ጣውላ መካከል አጣብቄ መስመሩ ብቻ እንዲወጣ አደረግሁ፤ እንዲህ ሲሆን መጋዙ አያንቀጠቅጠውም። በጥርሰ ደቃቅ ሴጌቶ ሳልቸኩል ቆረጥኩት። አራቱን ጥጎች በሻይ ብርጭቆ አፍ ለክቼ ክብ አደረግኋቸው፤ ብወድቅ አንገቴ የሚያርፍበት ጥግ ስለት እንዲሆን አልፈልግም።

ለቀዳዳው መሰርሰሪያዎቹን አስቀድሜ አዘጋጀሁ። የምላሳቸውን ስለት በመሳያ ድንጋይ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነካ ነካ አድርጌ አደነዝኩት፤ ከዚያ በኋላ ቆፍሮ መግባቱን ትቶ ይፍቃል። ከሥር ጣውላ አነጠፍኩ። በ3 ሚሊ ሜትር ጀምሬ፣ በ5 አስፍቼ፣ በ8 ጨረስኩ። ትራፓኖውን ሳልጫነው በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ እንዲወርድ ተውኩት፤ ነጭ ክር እየተጠቀለለ ሲወጣ ትክክል እየሄደ መሆኑ ያስታውቃል፤ ክሩ ቀልጦ መጣበቅ ሲጀምር ግን ማቆም ያስፈልጋል። ለ5 ሚሊ ሜትር ብሎን 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፤ በዙሪያው አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር መፈናፈኛ አለው። ጋሼ የጠየቁኝን ክፍተት እነሆ ተውኩለት። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ መሐል እስከ ጠርዙም ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዲተርፍ አድርጌያለሁ።

ጠርዙን በሞረድ ካስተካከልኩ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በ180፣ ቀጥሎ በ320፣ በመጨረሻ በ600 ቁጥር በውኃ እየነከርኩ አለዘብኩት። የመጋዝ ጥርስ የተወው ጭረት ሁሉ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። የቀዳዳዎቹንም ከንፈር በእጄ በማዞረው ትልቅ መሰርሰሪያ ነካክቼ፣ በጣት ጫፍ ሲዳሰስ ምንም የሚቧጭር ነገር እስከማይገኝ ድረስ አጠራሁት።

አንድ ነገር ብቻ ከጋሼ ጋር አከራከረን። አሮጌው መስታወት መሐሉ ትንሽ ወደ ፊት የወጣ ነበር፤ አዲሱንም በከሰል ላይ አሙቀን እንቆልምመው አሉኝ። መጀመሪያ በቁራጭ እንሞክር አልኳቸው። ምድጃው ላይ ስንይዘው መለስለስ እንደጀመረ ውስጡ በሙሉ በአረፋ ተሞላ፤ ልክ የእንጀራ ዓይን። ይህ የሚሆነው ፕላስቲኩ ከአየር የመጠጠው እርጥበት ሲፈላ ነው። በፋብሪካ ከማጠፋቸው በፊት ለሰዓታት የሚያደርቁት ለዚህ ነው፤ እንዲህ ያለ ምድጃ እኛ የለንም። ጋሼ ቁራጩን ወደ ብርሃን ይዘው ብዙ ጊዜ አዩትና «ይቅር» አሉ።

ሙቀትም አያስፈልገውም። ፖሊካርቦኔት በብርዱ መጉበጥ ይችላል፤ የጉብጠቱ ክብ ራዲየስ ከውፍረቱ መቶ እጥፍ እንዳያንስ ብቻ ነው የሚፈለገው። ለ3 ሚሊ ሜትር ይህ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እኔ የምፈልገው መሐሉ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት እንዲወጣ ነው፤ በ46 ሴንቲ ሜትር ወርድ ሲሰላ ራዲየሱ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ክንዶቹ ይዘውት ይቆያሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ትናንት ጽዮን ስለነበረች አልነካሁትም። ዛሬ ማታ ገጠምኩት።

ከጎሚስታ ያገኘሁትን አሮጌ ካላማዳሪያ ሳንቲም በሚያካክሉ ክቦች ቆረጥኩ፤ ለአንድ ብሎን ሁለት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ቀዳዳው ውስጥ ብሎኑ ፕላስቲኩን እንዳይነካ የወፍራም ኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን ቆርጬ አለበስኩት። ሽፋኑ ለስላሳ ነው፤ ሲገፉት ይጨመቃል። ሮንዴላዎቹን በሰፋፊ ቀየርኳቸው። ዳዶዎቹ በውስጣቸው የናይለን ቀለበት ያለባቸው ናቸው፤ በመንቀጥቀጥ አይላሉም። ብሎን የሚያጣብቀውን ፈሳሽ ሙጫ ሆን ብዬ ተውኩት፤ ፖሊካርቦኔት ላይ ከፈሰሰ ልክ እንደ ቤንዚኑ ይሰነጥቀዋል።

አራቱንም በጣቴ ብቻ አስገባሁ፤ ከዚያ በቁልፍ በሰያፍ እያፈራረቅሁ፣ ጎማው ትንሽ ሆዱ ሲነፋ አቆምኩ። እጄ ግማሽ ዙር ልጨምር ሲል ያዝኩት። በመጨረሻም በባለቤቴ የጥፍር ቀለም ከዳዶው እስከ ብረት ክንዱ ቀይ መስመር አሰመርኩ፤ ዳዶው ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ይሰበራል። ቀለሙ ፕላስቲኩን እንዳይነካ በጣም ተጠነቀቅሁ፤ ውስጡ ያለው ማሟሟያም ይጎዳዋል።

ልጄ መሸፈኛውን ላጠችው። ከአንድ ጥግ ጀምራ ሳትበጥስ እስከ መጨረሻው አወረደችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ሥራ ከመግባቴ በፊት እስከ ጣርማ በር ሞከርኩት። እስከ 50 ድረስ ጸጥ ያለ ነው። ከ65 በላይ ግን በጠርዙ ላይ የሚያልፈው ነፋስ ሄልሜቴን ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ ጆሮዬ ውስጥ ከበሮ የሚመታ ይመስል ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ አፍ አጠገብ ቆሜ በ10 ቁጥር ቁልፍ የክንዶቹን መያዣ አላላሁና መስታወቱን ሁለት ጣት ያህል ወደ ራሴ አጋደልኩት፤ ከሥሩም ከመብራቱ በላይ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ተውኩ። መስታወቱ ከኋላው ባዶ ቦታ ሲፈጥር አየሩ ዙሮ ይገባና ጭንቅላት ይመታል፤ ከሥር ጥቂት ነፋስ ሲገባ ያ ይረግባል። ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ቁልፍ ስጥል እንኳ ዘወር ብለው አላዩኝም።

ስመለስ ከበሮው ጠፍቶ ነበር። በገደሉ በኩል ያለው የጎን ነፋስ ግን ከድሮው ይልቅ መሪዬን ይገፋዋል። ሰፊ ገበታ መሪ ላይ ሲታሰር ዋጋው ይህ ነው። ጉም በወረደና ነፋሱ በበረታ ቀን እዚያ ከ40 በላይ አልሄድም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ለዕቃ ርክክብ ሸዋ ሮቢት መሄድ ነበረብኝ፤ ለሙከራ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኝም ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ስወጣ መስታወቱ ውርጭ ለብሷል። መፋቅ ስለሚቧጭረው ከጉድጓድ የቀዳሁትን ውኃ በላዩ አፈሰስኩና እስኪቀልጥ ጠበቅሁ። ጠብቄ የተረፈኝን ጊዜ በሶዬን በጠበጥኩበት።

ደብረ ሲና ላይ ጃኬቴን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ቀትር ሊሆን ነው፤ መስታወቱን በእጄ መዳፍ ስነካው ያቃጥላል። ሞተሩን ፀሐይ ላይ ትቼ ተንበረከክሁና በታችኛው ግራ ቀዳዳ በኩል አየሁት። ቀይዋ መስመር አልተሰበረችም። ጎማው ግን ጠዋት በደብረ ብርሃን ብርድ እንዳየሁት አልነበረም፤ በቀኝ በኩል ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ገበታው ወደ ጎን ተስቦ በውስጡ የተውኩለትን ቦታ እየተጠቀመበት ነበር። በቀዳዳው ከንፈር ዙሪያ በጥፍሬ ዞርኩ። ለስላሳ ነው።